አርባ አንድ እርምጃ

ልብስ ሰፊው በሰፈሩ «አጭር ክር» የሚባለው ቁመቱ አጥሮ አይደለም፤ ቶሎ ስለሚበጠስ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ጭራሽ ለይቶለት ነበር። የሰፈሩ ኮሚቴ በቀረበለት ማመልከቻ መሠረት ከሱቁ አለፍ ብሎ ያለውን የአውቶቡስ ፌርማታ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሊያዛውር ነው ሲባል ከሰማ ወዲህ፣ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ከመለካቱ በፊት የተቃውሞ ወረቀት ላይ ይፈርማል። ያልፈረመ ሰው ሱሪ አይደርስም።

ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገረም። እትዬ የሚላት ታላቅ እህቱ ዐይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከቤት ሳትወጣ፣ ግድግዳ ተደግፋ ነው ያሳለፈቻቸው። ከዚያ ያስነሳት ፌርማታው ነው። ከሱቁ በር አርባ አንድ እርምጃ መሆኑን አብረው ቆጠሩ፤ እሷም ቁጥሯን ይዛ መሳፈር ጀመረች፣ ስልክ ቤትም ጥሪ አቀባይ ሆና ተቀጠረች። ፌርማታው ከተነሳ ሥራዋን ትታ ወደዚያ ግድግዳ ትመለሳለች ብሎ ነው የፈራው።

ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጀመረ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ተነስቶ፣ ሲሚንቶ መደብሩ ፊት የሚቆሙት የጭነት መኪኖች አውቶቡሱን ከዳር ስለሚያርቁት ሰው መሀል አስፋልት ላይ እየወረደ ነው አለ። አጭር ክር ተበጠሰ።

«እርስዎማ ቤትዎ ተቀምጠዋል፤ የትም ቢቆም ምን ቸገረዎት? ለመሆኑ ይሄን ማመልከቻ ያስገባው ማነው? ወንድ ከሆነ ይነሳና ፊት ለፊቴ ይናገር።»

ከኋላ ወንበር ተንቀሳቀሰ። እትዬ የመድኃኒት ቤቱን ፋርማሲስት ክንድ ይዛ ቆማለች።

«ወንድስ አይደለሁም፤ ግን ይኸው ተነሳሁ» አለች። «እኔ ተናገርኩ፣ እሷ ጻፈች።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ወንድሟ ግን ወደ ኋላ ዞረ።

«ከአውቶቡስ ስወርድ መሬቱን እያጣሁት ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ» አለች እትዬ።

«መቼ?»

«ቀሚሴን ሁለት ጊዜ አልጠገንክልኝም?»

ግራጫው ቀሚስ ትዝ አለው። በር ያዘው ብላው ነበር። እሱም ጨርቁን ገላብጦ፣ የሚመስል ክር መርጦ፣ የፋብሪካውን ሥራ ረግሞ ሰፋው። በር የያዘው ልብስ ጫፉ ይቀደዳል እንጂ ጉልበቱ ላይ እንደማይፋቅ ሃያ ዓመት የሰፋ ሰው አይጠፋውም። ጨርቁን አየ፤ የለበሰችውን አላየም። አፈረ፣ በጣም አፈረ።

«የመድኃኒት ቤቱ መንገድ ከሱቁ በር መቶ አሥራ ስምንት እርምጃ ነው» ብላ ቀጠለች። «ምንም የማቋርጠው አስፋልት የለውም። ከእሷ ጋር ሦስት ሳምንት ተለማምጄዋለሁ።»

ፌርማታው ይዛወር በሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ እጁን ያወጣው አጭር ክር ነው። ወረቀቱ ላይ ያስፈረማቸው ስድሳ ሦስት ሰዎች ሰረቅ አድርገው አዩትና ሱሪያቸው እንደማይቀር ሲገባቸው አንድ በአንድ እጃቸውን አነሱ። ስንት ቀን እንቅልፍ የነሳው ፍርሃት ለቀቀው።

ሲመለሱ መድኃኒት ቤቱ ጋ ፋርማሲስቷ ተሰናበተቻቸውና እትዬ የወንድሟን ክንድ ያዘች።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

«ብነግርህ ሥራሽን ተዪና ቤት ተቀመጪ ትለኝ ነበር።»

ሊክድ አፉን ከፈተ። ግን ይላት ነበር። ወደ ግድግዳው እንዳትመለስ ሲሟገትላት የከረመው ሰው፣ ራሱ እጇን ይዞ ይመልሳት ነበር።

«ጉልበትሽስ?» አለ።

«ድኗል። ያልዳነው ያንተ ስፌት ነው፤ ጠማማ መሆኑ በእጄ ይታወቀኛል።»

ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ። እሷ ክንዱን ለቀቀችና እየቆጠረች ፊት ፊት ሄደች። ልያዛት የሚለውን እጁን ኪሱ ከቶ ተከተላት፤ እሱም በሆዱ እየቆጠረ ነበር፤ ሰባዎቹ ላይ ተሳሳተ።

«መቶ አሥራ ስምንት» አለችና የሱቁን በር ነካች። «በል ክፈትና ያን ቀሚስ ተርትረው።»