ቦጋለ ወጥ ቤት የገባበት ባይሳኪ

ቦጋለ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከመጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ታክሲ ይነዳል። ደግ ሰው ነው፣ ተጫዋች ነው፣ ለልጁም ለሚስቱም ይሳሳል። ወጥ ቤት ግን አይገባም። ሚስቱ ሂሩት አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ደብል ሽፍት ሠርታ ስትመለስ እንኳ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ «ሂሩትዬ፣ የሚቀመስ ነገር ጠፋ?» ይላታል። እሷም አንዳንዴ ትስቃለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወርወር ታደርጋለች።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ኤፕሪል ላይ ነው፤ ኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ይዘው ሳሉ ባልዊንደር የቦጋለን መስኮት አንኳኳ። ባልዊንደር ከሕንድ፣ ከፑንጃብ የመጣ ሲክ ነው፤ ሃይማኖቱ ስለሚያዘው ሰማያዊ ጥምጥም ያስራል፣ እንደ ቦጋለ ታክሲ ይነዳል፣ ወሬም እንደ ቦጋለ ይወዳል።

«እሑድ ባይሳኪ ነው። መጥተህ እኛ ጋ ትበላለህ» አለው።

«ባይሳኪ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የመከር በዓል ነው። እኛ አገር ይኼኔ ስንዴው ደርሶ ይታጨዳል። ለሲኮች ደግሞ የሃይማኖታችን ትልቅ ቀን ነው። ሂንዱዎቹም በራሳቸው መንገድ ያከብሩታል፤ ጎረቤቶቻችን ስለሆኑ አብረውን ይበላሉ።»

ቦጋለ በመስተዋቱ ውጭውን አየ። በረዶ ይጥላል። «በዚህ በረዶ የት ያለውን ስንዴ ልታጭዱ ነው?»

«አንተ ብቻ ና። ስንዴው ተፈጭቶ ይጠብቅሃል።»

«ጾም ላይ ነኝ እኮ። ሁዳዴ ነው።»

«ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል የለም። ሌላ ምን ቀረህ?»

ቦጋለ ማታ ይህንኑ ለሂሩት ነገራት። ሂሩት ግን «ቅቤስ?» አለችው።

«ሥጋ የለም አለ አልኩሽ።»

«እኔ የጠየቅሁህ ቅቤ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ።»

«እሺ፣ አላበዛም። ብቻ መኪናችን አንድ ናት፤ ከሰዓት ሽፍት አለኝ። ቶሎ ተመለስ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቦጋለ ፍሮግታውን የሚባለው ሰፈር ወዳለው የኪራይ አዳራሽ ሄደ። በር ላይ ጫማ ማውለቅ ግድ ነው ሲሉት ቤተ ክርስቲያን የለመደው ነገር ስለሆነ ደስ አለው፤ የግራ ካልሲው አውራ ጣት ላይ መቀደዱ ትዝ ያለው ካወለቀ በኋላ ነው። አንዲት ልጅ ብርቱካናማ ጨርቅ ሰጥታው ራሱ ላይ አሰረ። ጸሎቱን ጣቱን እግሩ ሥር ደብቆ ተቀምጦ ሰማ። ከዚያ ሁሉም ምንጣፍ ላይ በረድፍ ተደረደሩና ምግብ መጣ።

ምስሩ ሲቀርብ ላዩ ላይ ቅቤ ያብረቀርቃል። አትክልቱ በቅቤ ተጠብሷል። ሩዙ ወተት ውስጥ ነው የበሰለው። ጎኑ ደግሞ እርጎ ተቀመጠለት። ሮቲ የሚሉት ቂጣ እንኳ በቅቤ ተቀብቷል። ቦጋለ ሂሩትን በሐሳቡ አያት፤ በሐሳቡም ቢሆን እየሳቀች ነበር።

«ለምን አትበላም?» አለው ባልዊንደር።

«ቅቤም ወተትም አንበላም።»

ባልዊንደር ደነገጠ። ወዲያው ለእናቱ በፑንጃቢ ነገራቸው። እሳቸው ትንሽዬ፣ መነጽር ያደረጉ፣ እንግሊዝኛ የማያውቁ አሮጊት ናቸው። ቦጋለን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። በባይሳኪ ቀን አንድ እንግዳ ሳይበላ ሊወጣ ነው! እጁን ያዙና እየጎተቱ ወጥ ቤት ይዘውት ገቡ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ስምንት ሴቶችና ሦስት ወንዶች በአንድ ትልቅ የብረት ምጣድ ዙሪያ ሊጥ ይዳምጣሉ፣ ይጋግራሉ። አሮጊቷ ቅቤውን አሳይተው እጃቸውን አወዛወዙ፤ የለም፣ ለአንተ አንቀባም ማለታቸው ነው። ቦጋለ አመስግኖ ሊቀመጥ ወንበር ሲፈልግ መዳመጫውን እጁ ላይ አኖሩለት።

«እናቴ ራስህ ዳምጥ እያለችህ ነው» አለ ባልዊንደር በሩ ላይ ቆሞ። «እዚህ ሁሉም ይሠራል። እኔም ጠዋት ድስት ሳጥብ ነበር።»

«እማማ፣ እኔ እኮ አልችልም» አለ ቦጋለ በአማርኛ። አሮጊቷ በፑንጃቢ መለሱለት። ምን እንዳሉ ባያውቅም ሰበብ እንዳልተቀበሉት ገባው።

የመጀመሪያው ሮቲ ረዝሞ፣ ጎኑ ተንጋዶ ወጣ። ቦጋለ አየውና በእንግሊዝኛ «ይቺ ማዳጋስካር ናት» አለ። ሁለተኛው ወደ ታች ቀጥኖ ተጣመመ። «ይኼ ጣሊያን ነው። ጫማዋን አያችሁ?» ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዷ የራሷን ክብ ሮቲ አንሥታ «ይኼስ?» ብላ ጠየቀችው። «እሱ ምድር ነው፤ ምድር ግን ዋልታዎቿ ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ትላለች» ብሎ በመዳመጫው እያመለከተ ማስረዳት ጀመረ። ሕንድ ዝናቧን ከየት እንደምታገኝ ነገራቸው፤ ከራሳቸው በላይ ስለ አገራቸው ያውቃል ብለው ተገረሙ። አስተማሪ እንደነበር ሲሰሙ «ማስተርጂ» አሉት፤ መምህር ማለት ነው። ቦጋለ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። ተጋግሮ የወጣለትን ጣሊያን ቆርሶ ጎረሰና ሌላ ሊጥ አነሣ። ሃያኛው ገደማ ላይ ክብ ወጣለት። ሰዓቱን ጨርሶ ረሳው።

ሂሩት ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ በመጨረሻ ጎረቤቷን ኡሙሃኒን «እባክሽ አዳራሹ ድረስ ጣዪኝ» አለቻት። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች አዳራሹ ገብታ ባሏን ጠየቀች።

«ማስተርጂ? ወጥ ቤት ነው» አሏት።

«የለም፣ የእኔ ባል ቦጋለ ነው የሚባለው። ወጥ ቤት ሊሆን አይችልም።»

ወሰዱና አሳዩዋት። ቦጋለ ሽርጥ ታጥቆ፣ ራሱን አስሮ፣ ጺሙ በዱቄት ነጭቶ ሮቲ ይገለብጣል። ሂሩት ለመቆጣት ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት።

«ቦጋለ?»

ዘወር ሲል ደነገጠ። «ሂሩትዬ! ምን... ሽፍትሽ ደረሰ እንዴ?»

አሮጊቷ ሚስቱ መሆኗ ሲነገራቸው ጉንጯን ሳሟትና ለእሷም ሊጥ ሰጧት። ሂሩት ቸኩላ ነበር፤ ግን ባሏ ፊት እምቢ ማለት ደስ አላላትም። ዳመጠችው፤ ወፍራም ሆነ። አሮጊቷ አንሥተው አዩት፣ መልሰው ጠቀለሉትና ወደ ቦጋለ አመለከቱ፤ አሳያት ማለታቸው ነው።

«አንቺ፣ መሃሉን አትጫኚው» አለ ቦጋለ ረጋ ብሎ። «ወደ ዳር ዳሩን ግፊው። ሊጡ ራሱ ይዞራል።»

ሂሩት መዳመጫውን እንደያዘች አፈጠጠችበት። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ሴቶቹም አብረዋት ሳቁ። አንዷ «ጎበዝ አስተማሪ ነው» ስትላት ሂሩት ዓይኗን ጠረገችና «ነበር፤ ነውም» አለች።

ቦጋለ ሮበርት ስትሪት የሚባለውን መንገድ ይዞ ወደ ሥራዋ ወሰዳት። መኪናው ውስጥ ትኩስ ሮቲ ይሸታል፤ አንድ እሽግ አስይዘዋቸው ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት» አለች ሂሩት። «ዘጠኝ ዓመት አልችልም ስትለኝ።»

«አልችልም ነበር እኮ። ዛሬ ነው የተማርኩት።»

«በሦስት ሰዓት ውስጥ?»

«ታዲያ ጥሩ አስተማሪ አገኘሁ።»

ሃያ ደቂቃ ዘግይታ ገባች። ሱፐርቫይዘሯ ልትናገራት ስትል አንድ ሮቲ ዘረጋችላት፤ ሴትዮዋ እያኘከች ሄደች።

ሰኞ ማታ ሂሩት ከሥራ ስትመለስ የጭስ አላርሙ ይጮሃል። የአሥር ዓመቷ ልጃቸው ትሕትና በሩን ከፍታ በፎጣ ታራግባለች።

«ማሚ፣ ዳዲ ኢዝ ኩኪንግ!» አለቻት፣ እሳት ተነሥቷል እንደሚል ሰው።

ቦጋለ ዱቄቱን እየወቀሰ ነበር፤ ዓይነቱ ልክ አይደለም፣ ምጣዱም ይይዛል አለ። ሦስቱ ሮቲዎች አርረዋል፣ አራቱ ይበላሉ። ሂሩት ቦርሳዋን አስቀምጣ አንዱን ቆረሰች፣ ቀመሰች።

«ጨው የለውም።»

«ረሳሁት።» ድምፁንም ዝቅ አድርጎ «ሂሩትዬ፣ ከዚህ ጋር ሽሮ ቢኖር ጥሩ ነበር» አላት።

«ሽሮው መደርደሪያው ላይ ነው» አለች ጫማዋን እያወለቀች፤ ሶፋው ላይም እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። «ሽንኩርቱን ክተፍና ጥራኝ፣ ማስተርጂ። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚሁ ሆኜ እነግርሃለሁ።»