የአያ ሞላልኝ እግርና የውባለም ገብስ

እስቲ አረፍ በሉ ልጆቼ። የቆመውም ይቀመጥ፥ ከኋላ ያለውም ቀረብ ይበል፤ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። ዛሬ የምነግራችሁ በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት፥ በስማዳና በእስቴ ወሰን ላይ አንድ ሰው ስለ ሄደው መቶ የማይሞላ እርምጃ ነው።

ሰውየው አያ ሞላልኝ ይባላሉ። በስማዳ በኩል ወሰን መሪ ነበሩ። ወሰን መሪ ማለት ሁለት አገር በድንበር ሲካሰስ ቄስ ገዝቶት ከፊት የሚሄድ፥ ሌላው በእግሩ የሚከተለው ሰው ነው። ከድንበሩ ራስ ቆንጠር አድርጎ አፈር ከምላሱ ላይ ያኖራል፤ መጨረሻው ድንጋይ ላይ ደርሶ እስኪተፋት ድረስ ቃል አይወጣውም። አፈር በአፉ ይዞ የተናገረ ሰው መሬት ትፈርድበታለች ይባላል። አያ ሞላልኝ ከአባታቸው ተቀብለው ሠላሳ ዓመት ሲመሩ አንድ ቀን እንኳ አልተናገሩም፥ አንድ ቀንም አልሳቱም።

በዚያ ዓመት ከበላይ አንዲት ወረቀት ወረደች። የገበሬ ማኅበራትን ወሰን የሚመለከተው መመሪያ ተሻሽሏል ትላለች፤ ሁለት መስመር ብትሆን ነው። ከእንግዲህ ወሰን የሚታወቀው ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ድንጋይ እየተባለ ሳይሆን፥ ሽማግሌ በእግሩ በመራውና ጸሐፊ በእርምጃ ቆጥሮ በጻፈው መስመር ነው። በስብሰባ ተነብቦ ሲያልቅ፥ ከዚህ ቀደምስ በምን ስንሄድ ኑረናል ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ። ክፋት ያየባት አልነበረም።

የመምራቱ ቀን ቄስ ገብረ ሕይወት መስቀላቸውን ይዘው ገዘቱ። የማኅበሩ ሊቀመንበር፥ ግዝት አይቶ ዝም አለ ተብሎ እንዳይወራበት፥ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ቆየ። ታፈረ የሚባል ከንፋስ መውጫ የመጣ ወጣት ጸሐፊ ደብተሩን ይዞ ከአያ ሞላልኝ ኋላ ገባ። ከዚያ የስማዳ ወንዶች፥ ከዚያ የእስቴ ወንዶች፥ ከመጨረሻ ሴቶቹ፤ አርባ ሰው ይሆናሉ።

ከድንበሩ እኩሌታ ላይ፥ በስማዳ በኩል፥ የውባለም ማሳ አለች። ውባለም ባሏ የሞተባት፥ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት፤ ሌላ መሬት የላትም። ማሳዋ ቁመቷ ረጅም፥ ወርዷ ጠባብ ነው። በወዲያ በኩል ጠርዟ ወሰኑ ራሱ፥ ገደል ነው፤ ጎርፍ እየናደው እግር ማሳረፊያ እንኳ አልቀረውም። ገብሱ እስከ ገደሉ አፍ ተዘርቷል። ዝናቡ ዘግይቶ ስለ ነበረ ገና ማሸቱ ነው። አያ ሞላልኝ እዚያ ሲደርሱ አባታቸው ያደርጉ እንደነበረው አደረጉ፤ ወደ ወዲህ ታጥፈው ማሳውን ዞሩት። የቆመ አዝመራ በወሰን እግር አይረገጥም። ያቺ መዞር ለእህሉ ክብር እንጂ ወሰን እንዳልሆነች እስቴም ያውቃል፥ ስማዳም ያውቃል።

ታፈረ አላወቀም። «ሰባት መቶ አርባ፥ ሰባት መቶ አርባ አንድ» እያለ ቆጠራውን ሳያቋርጥ ተከተለ። አያ ሞላልኝ ሰሙት። ጆሯቸው ወደ ኋላ ቀረ፥ እግራቸው ወደ ፊት ሄደ። አፈሩን ልትፋውና ልንገረው አሉ በልባቸው። ግዝቱ ያዛቸው። መጨረሻው ላይ እነግረዋለሁ አሉ። መጨረሻው ላይ ግን ደክመው ነበር፥ ሰውም ጠላ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር፤ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ይህን አያጣውም አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ።

በአሥረኛው ቀን ወረቀቱ ሲነበብ የውባለም ማሳ እስቴ ገብታ ተገኘች። ከማኅበር ክልል ውጭ መሬት መያዝ ክልክል ነውና፥ የዘንድሮውን ገብስ አጭዳ መሬቱን ለወዲያኛው ማኅበር ታስረክብ ተባለ።

አያ ሞላልኝ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ወዲያኛው ሊቀመንበር ወደ ፈንታ ነው። ፈንታ ማሳው የማን እንደሆነ አልካደም። ነገር ግን መሬት ያላገኙ አሥራ አንድ ጎረምሶች በየቀኑ ደጅ እንደሚጠኑት ነገራቸው። ቀጥሎም ፈገግ ብሎ፥ «እኛ አልለመንንም፥ አያ ሞላልኝ» አላቸው። «የእርስዎ እግር ነው የሰጠን። በእግር የሰጡትን በአፍ ሊነሡን ነው?»

አያ ሞላልኝ ተነሥተው ወጡ። በማግስቱ ስንቃቸውን ቋጥረው ንፋስ መውጫ ወጡ። ታፈረ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ማሻሻያው በእግር የተመራውን እንጂ በአፍ የተነገረውን እንደማይቀበል፥ ሁለቱ ወገን ባለበት እንደገና ቢመራ ግን ሊታረም እንደሚችል ነገራቸው። ወረቀቱ ወደ ጎንደር የሚላከው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ስለሆነ ከዚያ በፊት መሆን አለበት። «ታዲያ አባቴ» አለ ሲሸኛቸው፥ «በዚህ ጊዜ እግርዎ መስመሩ ባለበት ይሂድ።»

መስመሩ ያለው በገደሉ አፍ፥ ገብሱ ውስጥ ነው። እስከ ኅዳር ሚካኤል ደግሞ ገብሱ ለአጨዳ አይደርስም። አርባ ሰው በዚያች ጠባብ ማሳ ካለፈ የሚተርፈው እኩሌታው ቢሆን ነው።

ሲመለሱ ቤታቸው ሳይደርሱ ውባለም ደጅ ቆሙ። ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ታፈረ ያለውን አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። ከዚያም ማንም ያልጠየቃቸውን ተናገሩ።

«ሲቆጥር ሰምቸው ነበር፥ ውባለም። እየሰማሁ ነው የሄድሁ።»

የያዘችውን ባቄላ ፈልፍላ ጨረሰች። «እኔም ሰምቸዋለሁ» አለች በኋላ። «ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበርሁ። መሪ እየሄደ ሴት ትጮኻለች እንዴ ብዬ አፌን ያዝሁ።»

«ገብሱን ምን ላድርገው?»

«ይርገጡት። እህል ከሰው እለምናለሁ። መሬት ለምኜ የት አገኛለሁ?»

ኅዳር ዘጠኝ ቀን ታፈረ ሁለቱን ወገን ጠርቶ፥ አያ ሞላልኝ እንደገና ተገዘቱ። ገብሱ ጠርዝ ሲደርሱ እግራቸው አልነሣ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቆመ እህል ረግጠው አያውቁማ። ሰውም ከኋላቸው ተቆልሎ ቆመ። ያን ጊዜ ውባለም ወንዶቹን ሁሉ አልፋ መጣችና ከፊታቸው ገባች፤ ዛላውን በገዛ እጇ ግራና ቀኝ እየከፈለች ሄደች። ከሷ ኋላ እሳቸው፥ ከሳቸው ኋላ ታፈረ፥ ከዚያ አርባው ሰው። የእስቴ ጎረምሶች፥ ያችኑ መሬት የሚጠብቁት፥ ራሳቸውን ደፍተው በእግራቸው ጣት ነበር የሚሄዱት። ቢሆንም ገደሉ ይናድብናል እያለ ሰው ወደ ውስጥ ሲሸሽ ገብሱ ተኛ። ታፈረ እርምጃውን መቁጠሩን አላቋረጠም።

ታፈረ ጽፎ፥ አስፈርሞ ሄደ። ታኅሣሥ አለፈ፥ ጥር አለፈ፥ መልስ የለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ውባለም ቤት ጾሙ ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ ልጆቿን ጎረቤት እየተቀባበለ አበላ። ግንቦት ላይ ፈንታ ወረቀቱ ይለይለት ብሎ ጎረምሶቹን ከማረስ ያዘ። የወዲህኛው ሊቀመንበርም ከጎንደር ደብዳቤ ሳይመጣ ማንም እንዳያርስ ከለከለ። ማሳዋ በመሃል ቀረች።

ሰኔ ሲገባ አያ ሞላልኝ በሬዎቻቸውን ጠምደው ገቡ። ሦስት ቀን አረሱ፥ ዘሩንም ከጎተራቸው አውጥተው ዘሩ። በአራተኛው ቀን የማኅበሩ ዘበኞች ይዘው ወደ ወረዳው ከተማ፥ ወደ ወገዳ ወሰዷቸው። ማን አዘዘዎ ተብለው ሲጠየቁ፥ «እግሬ የበደለውን እጄ ይካስ ብዬ ነው» አሉ። ሁለት ሳምንት ታሰሩ። ሲፈቱ ገብሱ በቅሎ ነበር።

ደብዳቤው ግን በዚያም ዓመት አልመጣም፥ በሚቀጥለውም። ጎንደር ይድረስ፥ መንገድ ይቅር የሚያውቅ የለም። ውባለም በየክረምቱ፥ ዘንድሮስ ይነጥቁኝ ይሆን እያለች ዘራች፤ በየዓመቱም ያንን ፍርሃት ከገብሷ ጋር አጨደች።

እንግዲህ ልጆቼ፥ እናንተ ጽሕፈት የምታውቁ ናችሁ። ነገ ሰው አገር ሄዳችሁ የሰው መሬት ትጽፉ ይሆናል። ያን ጊዜ ይህችን ሴት አስቧት። ሽማግሌው ቢታጠፍባችሁ ብዕራችሁን አንሡና፥ ለምን ታጠፉ፥ አባቴ፥ በሉት። ይህችን ብቻ አደራ።