«ትቅደም» በአሪኛ

ፈለቀን ጂንካ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሰዎች «አስተርጓሚው» ነው የሚሉት። ስሙንም ቢሆን አባቱ አላወጡለትም። ሚሲዮን ትምህርት ቤት የገባ ዕለት መምህሩ የአሪ ስሙን ሁለት ጊዜ ሞክሮ ምላሱ እምቢ ሲለው «በቃ፣ ፈለቀ ብዬሃለሁ» ብሎ መዝገብ ላይ አሰፈረው። አራተኛ ክፍል ሲደርስ አባቱ ሞቱና ትምህርቱ እዚያው ላይ ተቋጨ። በዚያችው በአራተኛ ክፍል፣ በዚያው መምህሩ በሰጠው ስም፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጊዜያዊነት የመንግሥትን ቃል ለአሪ፣ የአሪን ቃል ለመንግሥት ሲያቀብል ኖረ።

የሚስቁበት ነገር አላጡም። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ምላሱ አዳልጦት «አስተዳዳሪዋ መጣች» አለ። አስተዳዳሪው ደግሞ ጺማም፣ ሆዳም፣ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ የሆነ ሰውዬ ነበሩ። እኚያ አስተዳዳሪ ተሻሩ፣ ንጉሡም ወረዱ፣ ያቺ ቃል ግን አልወረደችም። በተለይ ጸሐፊው ታደለ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እሱን ተጠንቀቁት፤ እሱ ከተረጎመው በሬ ይወልዳል» ሳይል አያልፍም። ታደለ ጂንካ ተወልዶ ጂንካ ያደገ የነጋዴ ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ከአሪ ጋር ሲኖር የለቀማት አሪኛ ገበያ ወጥታ፣ ለቅሶ ደርሳ ለመመለስ እንኳ የምትበቃው ተንጠራርታ ነበር። በሱ አሪኛ ግን ማንም ስቆ አያውቅም።

ፈለቀ ከሥራው የተማረው ነገር ቢኖር መራራውን ማጣፈጥ ነው። ገበሬው «ልጆቻችንን ዘመቻ ወስዳችሁ አስጨረሳችሁ» ሲል እሱ «ልጆቻቸው ናፍቀዋቸዋል» ይላል። ካድሬው «አድኃሪ ሁላ!» ሲል እሱ «በርቱ ይላችኋል» ይላል። እንዲህ እያለ ስንት ጠብ እንዳበረደ የሚያውቅለት የለም። የሚያውቁለት «አስተዳዳሪዋ»ን ብቻ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ከጂንካ በላይ ባለ አንድ ገበሬ ማኅበር ስብሰባ ተጠራ። «ሽማግሌ፣ ሴት፣ በሽተኛ ሳይቀር ይምጣ» ተብሎ ተለፈፈ። ጓድ ሣህሌ የሚባለው ካድሬ ከመሃል አገር መጥቶ ጂንካ ከገባ ዘጠኝ ወሩ ነው። ላንድሮቨሩ ጭቃው ላይ እምቢ ሲል ሣህሌ፣ ታደለና ፈለቀ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር የቀረውን መንገድ በእግር ወጡ። በእንሰቱ መካከል ያለው ሜዳ ላይ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ተቀምጦ ጠበቃቸው።

ሣህሌ ስለ ምርት ዘመቻ አንድ ሰዓት ተናገረ፤ ፈለቀ ተረጎመ። ሲጨርስ «ተስማምታችኋል?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዝም አለ። አሪ ዘንድ አለቃ ወይም ሽማግሌ ጠይቆህ ዓይንህን መሬት ላይ ተክለህ ዝም ካልክ «እምቢ» ማለትህ ነው፤ ስድብ ስለሚሆን ከአፍ አይወጣም እንጂ። ታደለ ግን ቃለ ጉባዔው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተደግፏል» ብሎ ጻፈ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የሚጽፈው።

ቀጥሎ መፈክር ሆነ። ሣህሌ ተነሣና «ግራ እጅ ወደ ላይ!» አለ። «ኢትዮጵያ ትቅደም!» ፈለቀም እንደ ሁልጊዜው በአሪኛ መለሰው።

ሰዉ ግራ እጁን አነሣ፤ አራት ዓመት ለምዶታል። አንድ ሰው ብቻ አላነሣም። ከፊት፣ አጭር ባርጩማ ላይ የተቀመጡ ሶርሳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰባን ያለፉ፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ዘር ሲዘራ የሚመርቁ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ስብሰባ ወጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሣህሌን ቀጥ ብለው ያዩታል።

«እኚህ ሰውዬ ምን ሆነው ነው?» አለ ሣህሌ። «ጠይቃቸዋ!»

ፈለቀ ጎንበስ አለና በአሪኛ «አባቴ፣ እጅዎን ያንሡ እያለ ነው» አላቸው።

«የትኛውን?»

«ግራውን።»

«ማን ሞተና?»

«ማንም አልሞተም፤ ዝም ብለው ያንሡ። ይኸው ሁሉም አንሥቷል።»

«ሁሉም አያፍርም? አንተስ ብትሆን አታፍርም? ግራ እጅ ተነሥቶ ‹አንተ ቅደም፣ እኛም እንመጣለን› የሚባለው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቁሞ አይደለም እንዴ! የማን ልጅ ነህ አንተ? ንገረው ለሰውዬው፤ እኔ አገሬን በቁሟ አልቀብርም። ካሻው ቀኝ እጄን ላንሣና ልመርቅለት።»

ፈለቀ ይህን ነገር ያውቀው ነበር። ያቺን «ትቅደም» መጀመሪያ የተረጎማት እሱ ራሱ ነው። በችኮላ «ፊት ትሂድ» ብሎ ተረጎማት፤ በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ቃሏና ግራ እጁ ሲገጣጠሙ የሬሳ መሸኛ እንደሚሆኑ ገባው። ያን ጊዜ ወደ ታደለ ሄዶ «ይቺ ቃል በአሪኛ ጥሩ አይደለችም፤ በሌላ ልለውጣት፣ ለአለቆቹ ንገርልኝ» አለው። ታደለ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በሬ የምታስወልደው ሰውዬ መፈክር ልታርም?» አለው። ነገሩ በዚያው ቀረ።

«ምን አሉ?» አለ ሣህሌ።

ፈለቀ እንደ ልማዱ አጣፈጠው። «እጃቸውን ያማቸዋል።»

ሣህሌ ሊያልፈው ነበር። ከኋላ ግን ታደለ ደብተሩን ከድኖ ዘሎ ተነሣ።

«ውሸቱን ነው ጓድ! ‹ቀብር› ብለዋል! በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ይቺን ቃል አሳምሬ ነው የማውቃት!»

«ማንን ነው የሚቀብሩት?» አለ ሣህሌ፣ ወደ ሶርሳ እየዞረ። «ማንን ነው የምትቀብረው አንተ ሽማግሌ?» አንቱታው እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ። ሽማግሌውን ሁለቱ አብዮት ጠባቂዎች ብብታቸውን ይዘው ወደ ላንድሮቨሩ አወረዷቸው። ፈለቀም ባርጩማቸውን ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ ወረደ።

በማግሥቱ ጠዋት ፈለቀ ሣህሌ ቢሮ ተጠራ። ጠረጴዛው ላይ በታይፕ የተመታ ወረቀት ተዘርግቷል። «ግለሰቡ ‹ኢትዮጵያን እንቀብራታለን› በማለት ሰፊውን ሕዝብ በአሪኛ ቀስቅሷል» ይላል። ከሥሩ «ለትርጉሙ ትክክለኛነት» የሚል አለ፤ ከዚያ የፈለቀ ስም፣ ከዚያ ክፍት ቦታ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት ተከትሎት ወደ ክፍለ ሀገር የወረደ ሰው ተመልሶ አይመጣም። ይህን ፈለቀም ያውቃል፣ ሣህሌም ያውቃል፣ ታይፑን የመታው ታደለም ያውቃል።

«ፈርም» አለ ሣህሌ። «ትናንት ‹እጃቸውን ያማቸዋል› ብለህ የቀባጠርከውን እኔ አልሰማሁም። ቋሚነትህም በሰኔ ይጻፍልሃል። ዐሥራ አንድ ዓመት ጊዜያዊ፣ አይከብድም?»

ይከብዳል እንጂ። ፈለቀ እስክሪብቶውን አነሣ፣ ወረቀቱን እንደ ልጅ ፊደል በፊደል አነበበ፣ መልሶ አነበበ።

«እሳቸው ያሉት ‹አልቀብርም› ነው» አለ።

«ቀብር የሚል ቃል አለበት፣ የለበትም?»

«አለበት። ‹አልሰረቅኩም› ያለ ሰውም ስርቆት የሚል ቃል አለበት። ታስረዋለህ?»

ታደለ ከጥጉ «አፉ ተፈታ ደግሞ!» አለ።

«አዎ ተፈታ። አንተ ነህ የፈታኸው» አለና ፈለቀ ወደ ሣህሌ ዞረ። «ጓድ፣ ‹ትቅደም› ያልከው በአሪኛ የቀብር ቃል ነው። ግራ እጅ ሲነሣ የሬሳ መሸኛ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ‹መንግሥት አገሪቷን ቅበሩ አለን› እያለ ነው እጁን የሚያነሣው። እሳቸው ብቻ እምቢ አሉ። ከሁሉም ሰው አገሩን የወደደ እሳቸው ናቸው፤ እናንተ እሳቸውን አሰራችሁ።»

 የሣህሌ ፊት ቀላ። «እና አራት ዓመት እንዲህ ብለህ ስትተረጉም ኖረሃል?»

«ተርጉሜያለሁ። በሁለተኛው ስብሰባ ገባኝና ለታደለ ነገርኩት። ጠይቀው።»

ታደለ ታይፑ ላይ አቀርቅሮ ሪባኑን ማስተካከል ጀመረ። ሪባኑ ምንም አልሆነም።

«ስለዚህ ጥፋቱ ያንተ ነዋ!» አለ ሣህሌ ጠረጴዛውን መትቶ።

«የኔ ነው። በኔ ጻፉት። በሳቸው ላይ ግን አትጽፉም፤ ብትጽፉም እኔ አልፈርምም።»

እንዲህ አለና ክፍት ቦታው ላይ፣ ለፊርማው በተተወለት ሥፍራ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ይጽፍ ገባ። ጊዜ ወሰደበት። ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ ሣህሌ ገፋው። «አባ ሶርሳ ያለው አገሬን አልቀብራትም ነው። በቀኝ እጄ ልመርቃት ነው ያለው። ይሄ እውነት ነው። የተረጎመ ፈለቀ ነው» ይላል። ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ መስመሩ ቁልቁል የሚንሸራተት።

ሣህሌ አነበበውና ሳቀ። ለታደለም አሳየው፤ ታደለም ነፍሱ መለስ ብሎ ሳቀ። «ይሄም አማርኛ ተብሎ!» አለ።

«እናንተም በአሪኛ ጻፉልኝና እኔ ልሳቅ» አለ ፈለቀ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ሳቃችሁብኝ። አንድ ቀን ልሳቅ። አንድ መስመር፤ አንድ ቃል ትበቃኛለች። ጻፉ!»

እስክሪብቶውን አስጠግቶ አስቀመጠላቸው። ማንም አላነሣውም። ከሰዓት በኋላ እሱም ሶርሳ ካሉበት ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ ገባ።

ወረቀቱ እንደዚያ ሆኖ ክፍለ ሀገር አይላክ ነገር፤ የአስተርጓሚ ፊርማ የሌለው ቃል አይቀበሉም፤ ታደለ ደግሞ ከሳሹ እሱ ነውና መፈረም አይችልም። ሣህሌ «አሪ አገር ውስጥ አሪኛ የሚያውቅ ጠፍቶ ነው? ሌላ አምጡ!» አለ። አመጡ። ያን ቀን የሆነውን ግን ለሰዉ ማን እንደነገረው አይታወቅም። ስብሰባ አልተጠራም፣ አንድም ሰው ሲያወራ አልተሰማም። መንገድ ላይ ሰው ከሰው ሲተላለፍ ዓይን ለዓይን ይተያያል፣ ያልፋል፤ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የጤና ረዳቱ መኮንን ተጠራ። የአሪ ልጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሠላሳ በሽተኛ በአሪኛ ያነጋግራል። «አሪኛዬ ጠፍቶብኛል» አለ። «የት ጠፋብህ?» ቢሉት «እንጃ፣ ትናንት ነበር» አለ። ሁለት ገበሬዎች መጡ፤ ለአማርኛው እንግዳ ሆኑ። በመጨረሻ አለምነሽ ተጠራች። አለምነሽ ቅዳሜ ገበያ ላይ በቆሎ የምትሸጥ፣ አማርኛዋ እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥል የአሪ ሴት ናት። ሣህሌ ጠየቃት። ጆሮዋን ነካች፣ አንገቷን ወዘወዘች፣ ባዶ መዳፏን ዘርግታ አሳየችው።

«ታውቃለች ጓድ!» አለ ታደለ። «የዛሬ ሳምንት በአማርኛ ሌባ ብላኛለች!»

«ለምን?» አለ ሣህሌ።

ታደለ ወረቀቶቹን መደርደር ጀመረ። አለምነሽም መዳፏን እንደዘረጋች ወደ ታደለ ዞረች፤ መልሱን የምትጠብቅ ትመስላለች።

እንዲህ ሲሉ ሰባት ሳምንት አለፈ። ጣቢያው በእስረኛ ሞላ፣ ፋይሉ አልሞላ አለ። ሶርሳን «ለጊዜው» ብለው ለቀቋቸው። ልጆቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዷቸው፤ ጉልበታቸው የጣቢያው ሲሚንቶ ላይ አልቆ ነበር። ፈለቀ አራት ወር ታሰረ፤ ሲወጣ ከሥራ ተባሯል። ወደ አባቱ ቦታ ተመለሰና እንሰቱን መንከባከብ ያዘ። አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠሩት ሰዎች እዚያ ነበሩ።

ጥቅምት ላይ ሣህሌ እንደገና ወደዚያው ሜዳ ወጣ። ለማስተርጎም ታደለን አቆመው። ታደለ «ና»፣ «ሂድ»፣ «ስንት ነው» እያለ እንደምንም ጀመረና ላቡ በአንገቱ ወረደ። ሰው ሁሉ በትሕትና ያየዋል። የሳቀ የለም፤ የሳለም የለም። ሣህሌ መሃል ላይ ተናዶ ሰዉን በዓይኑ ሲያስስ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከገበሬዎቹ ጋር የተቀመጠውን ፈለቀን አየው።

«ፈለቀ! ተነሥ እስቲ፣ ንገራቸው!»

ፈለቀ ተነሣ። ልብሱን አራገፈና ጮክ ብሎ፣ በጠራ አሪኛ «አማርኛ አላውቅም» አለ። ተቀመጠ።

ሁለት መቶ ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ምን አለ?» አለ ሣህሌ።

ታደለ ደብተሩን አገላበጠ፣ አንገቱን አከከ። «ሰላምታ ነው መሰለኝ፣ ጓድ» አለ።