አለቃው እኔ አይደለሁም

በቴሌቪዥን የምታወቅበት ሥራ ሐይቅ ማየት ነው። በአንድ የፖሊስ ድራማ ላይ «ግራጫ ጭልፊት» የሚባል ሽማግሌ ሆኜ ለዓመታት ተውኛለሁ። መርማሪው ነገሩ ሲወሳሰብበት መኪናውን እያበረረ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ብርድ ልብስ ደርቤ ሐይቁን አያለሁ። እሱ ይጠይቀኛል፤ እኔ ዝም እላለሁ። በመጨረሻ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አደርግለታለሁ፤ እሱም ተመልሶ ሄዶ ገዳዩን ይይዛል። ዓረፍተ ነገሯ ከገዳዩ ጋር ምን እንደሚያገናኛት እኔም አላውቅም፣ መርማሪውም አያውቅም፣ የሚጽፋት ልጅም የሚያውቅ አይመስለኝም። ልጁ የሚኖረው ቶሮንቶ ነው፤ ሐይቅ ያየው በካርታ ላይ ነው። ድራማው ሲጀመር ገና ጎልማሳ ስለነበርኩ ፀጉሬን ነጭ ቀለም ይቀቡኝ ነበር። አሁን መቀባቱን ትተውታል። ለምን እንደተዉት አልጠየቅኩም።

ስሜ ዋላስ ኪሺግ ይባላል። አኒሺናቤ ነኝ፤ በፊልም እያዩ «ቀይ ህንድ» ከሚሏቸው ሕዝቦች አንዱ። የተወለድኩት ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን፣ መንግሥት ለእኛ ከልሎ በተዋት መንደር ነው። የአጎቴ ልጅ ዶሪን እዚያው ቀርታ የመንደሩ አለቃ ሆና ተመርጣለች። እኔ ደግሞ ከተማ ገብቼ የመንደር አለቃ ሆኜ እተውናለሁ። ቤተሰባችን በዚህ ብዙ ይስቃል።

በዚያ በረዷማ ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ ኩባንያ የዱር ሩዝ ከምንሰበስብበት ሐይቅ አጠገብ የጠጠር ካባ ሊከፍት ድንጋይ ማፈንዳት ጀመረ። የመንደሩ የውሃ ጉድጓዶች ደፈረሱ። ዶሪን ደብዳቤ ጻፈች፣ ስልክ ደወለች፣ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች። የሚሰማት ስታጣ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ የካባውን መንገድ በአሮጌ አውቶቡስና በፒካፕ ዘጋው፤ እሳት አንድዶም እዚያው ሰፈረ።

እኔ ይህን ያየሁት ቶሮንቶ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ በዜና ነው። የእሳቱን ጭስ አሳዩ፣ ከበሮ አሳዩ፣ ፊቱን በሻርፕ የሸፈነ ልጅ አሳዩ። ልጁ የሸፈነው ስለበረደው ነው፤ አውቀዋለሁ፣ የሙዚቃ አስተማሪ ነው። ከዚያ የኩባንያው ሰው ክራቫቱን አስተካክሎ ረጅም ንግግር አደረገ። ዶሪን አንድም ጊዜ አልታየችም። እኔም ለራሴ «እነዚህ ሰዎች ፊት ያስፈልጋቸዋል፤ እኔ ደግሞ ፊት አለኝ» አልኩ። እንዲህ ብዬ ማሰቤን ዛሬ ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። ወዲያው ደወልኩላት።

«ዶሪን፣ ልመጣ ነው።»

«ምን ልታደርግ?»

«እኔ ካለሁ ካሜራ ይመጣል። ታውቂያለሽ፣ ሰው ያውቀኛል።»

«እሺ ና» አለችኝ። «ስትመጣ የሽንት ቤት ወረቀት ይዘህ ና፤ አልቆብናል።»

የድራማውን ጃኬት ከአልባሳት ክፍል ተውሼ፣ ያንን ዳር እስከ ዳር ዘርፉ የሚንዘረፈፈውን ለብሼ ሄድኩ። ከመኪና ስወርድ እሳቱን የሚጠብቀው ሞሪስ አየኝ። ሞሪስ አብሮ አደጌ ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲያሾፍብኝ ደክሞት አያውቅም።

«ወይኔ! ግራጫ ጭልፊት መጣ!» ብሎ ጮኸ። «ንገረን እንጂ፣ ገዳዩ ማነው?»

«ተው እንጂ ሞሪስ።»

«ጃኬቱንስ ከየት አመጣኸው? መጋረጃ ቀደህ ነው?»

ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከእሳቱ ርቄ ቆሜ ስለነበር ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር፤ ጃኬቱ ለውበት እንጂ ለብርድ አልተሰፋም። የዶሪን እናት፣ አክስቴ ኤልቪራ፣ ከድንኳኑ ብቅ ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና የባላቸውን የአደን ካፖርት አለበሱኝ። ቀጥሎ ቢላዋ ሰጡኝ።

«ድንች ትልጣለህ» አሉ።

«አክስቴ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ከጋዜጠኞች ጋር…»

«ጋዜጠኞቹ ሲመጡም ሾርባ ይጠጣሉ።»

በሰፈሩ እያንዳንዱ ሰው ሥራ ነበረው። አንዱ እንጨት ይፈልጣል፣ አንዱ ሌሊት ይጠብቃል፣ ዶሪን ከጠበቃው ጋር በስልክ ትከራከራለች። እኔ ድንች እልጣለሁ፤ እሱንም በደንብ አልላጥኩም። አክስቴ ልጣጩን አንስተው «ድንቹ ያለው እዚህ ላይ ነው» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። ጋዜጠኛዋ ወጣት ናት፤ ብርዱ አፍንጫዋን አቅልቶታል። ዶሪን ፊቷ ቆማ ሁሉንም አስረዳቻት። አያቶቻችን ከመንግሥት ጋር የፈረሙት ውል መሬቱ ከመነካቱ በፊት እንድንጠየቅ እንደሚል፣ ማንም እንዳልጠየቀን፣ የጉድጓዱ ውሃ ሻይ ሳይገባበት የሻይ መልክ እንዳለው፣ ሕፃናት ሲታጠቡበት ገላቸው እንደሚያሳክካቸው ነገረቻት። ደህና አድርጋ ተናገረች። ጋዜጠኛዋም ትሰማ ነበር።

በዚያ መሀል እኔ የልጣጭ ባልዲ ይዤ ከድንኳኑ ወጣሁ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ አፈጠጠብኝ። ጋዜጠኛዋን በክርኑ ነካት። ጋዜጠኛዋ ዞረች።

«ይቅርታ… እርስዎ እሳቸው ነዎት?» አለችኝ። «እናቴ በጣም ነው የምትወድዎት! አንድ ነገር ቢሉልንስ?»

ማለት የነበረብኝ «እሷ እየተናገረች አይደለም ወይ?» ነው። ግን ማይክሮፎኑ አገጬ ሥር መጣ፣ የካሜራው መብራት ቀላ፣ ፊት ለፊቴ ደግሞ ሐይቁ ተዘርግቷል። ለዓመታት ያሠለጠኑኝ ለዚሁ ነው። ባልዲዬን እንደያዝኩ ሐይቁን አየሁ። ረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ከዚያ አፌ በራሱ ተከፈተ።

«ነፋሱ ስሜን ያውቀዋል» አልኩ።

ይህች ዓረፍተ ነገር ከድራማው ናት። የባንክ ዘራፊ የተያዘባት ናት። ጋዜጠኛዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ምሽት ላይ ሁላችንም በመንደሩ አዳራሽ ተሰብስበን ዜናውን አየን። መጀመሪያ ሐይቁ መጣ፣ ዋሽንት ተነፋ፣ እኔም ቀስ ብዬ ወደ ካሜራው ዞርኩ። «የመንደሩ አለቃ» የሚል ጽሑፍ ከሥሬ ወጣ። ነፋሱ ስሜን አወቀው። ከዶሪን የታየው ወደ ጉድጓዱ ስትጠቁም የተነሳ እጇ ብቻ ነበር። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሞሪስ ወንበር ይዞ ተንበረከከ፤ መተንፈስ አቃተው።

«ነፋሱ ስምህን ካወቀው» አሉ አክስቴ ኤልቪራ፣ «ነገ እሱ ይጥራህና ድንች ያስልጥህ፤ እኔ ጉሮሮዬ ደከመ።»

ዶሪን አልሳቀችም። ካፖርቷን አንስታ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። በረዶው ላይ ቆማ ሲጋራ ለኩሳለች፤ ከተወች ቆይታ ነበር።

«ይቅርታ» አልኳት። «አፌ ነው።»

«አንተ በመታየትህ አይደለም የተናደድኩት» አለች። «አንተን ሲያዩ ሰዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አዝነው፣ ተደስተው፣ ነቅንቀው ይተኛሉ። እኔ የምፈልገው እንዲጠይቁኝ ነው። ‹ውሃው ምን ሆነ? ማን ፈቀደ?› የሚለኝ አንድ ሰው። ‹ነፋሱ ስሜን ያውቀዋል› ስትል የሚቀጥለው ጥያቄ ምንድነው? ምንም የለም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይጽፍልኝ ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ውስጥ ዓረፍተ ነገሯ አገር አዳረሰች። የነባር ሕዝቦችን መብት የሚደግፉ ተማሪዎች በከተማ ሰልፍ ወጥተው እሷን ጮኹ። በካናቴራ ታተመች። የኩባንያው ቃል አቀባይ ሳይቀር መግለጫ ሰጥቶ «ድርጅታችን ለነፋሱ ትልቅ አክብሮት አለው» አለ። ስለ ጉድጓዱ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ ጉዳያችን ከሚመለከተው ሚኒስትር ቢሮ ተደወለ። ስልኩን ያነሳችው ዶሪን ናት። ስትሰማ ቆየች፤ «እነግራቸዋለሁ» ብላ ዘጋች፤ ከዚያ በረዶው ላይ ተቀምጣ እስኪያማት ድረስ ሳቀች።

«ሚኒስትሩ ሊመጣ ነው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አለቃ ግራጫ ጭልፊትን ማነጋገር ይፈልጋል። ካሜራ ይዞ ነው የሚመጣው፣ በቀጥታ ስርጭት።»

«አይሆንም!» አልኩ። «ደውዪና እንዲህ የሚባል ሰው የለም በያቸው።»

«አብደሃል? ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌለት አልመጣም። አንተ ጋ ይምጣ። ትቀመጣለህ፣ አፍህን ትዘጋለህ።»

«ምንም አልናገርም?»

«አንድ ነገር ትላለህ። ‹እሷን ጠይቁ›። ሌላ አንዲት ቃል ከአፍህ ብትወጣ ለእማዬ እሰጥሃለሁ።»

ሚኒስትሩ በቀጠሮው ቀን መጣ። ቁመቱ ረጅም፣ ቦት ጫማው አዲስ ነው። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ እኔ መሀል ተቀመጥኩ፤ በቀኜ ዶሪን፣ በግራዬ አክስቴ ኤልቪራ። ሚኒስትሩ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በልጅነቱ ከአያቱ ጋር ታንኳ እንደቀዘፈና ውሃ እንዴት ነፍሱን እንደሚነካው ሲናገር ቆየ። ሲጨርስ ሁሉም እኔን አየ።

እኔም እንደ ልማዴ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። በዚያ በኩል ሐይቅ የለም። የመኪና ማቆሚያው ነው፤ ሞሪስ ፒካፑ አልነሳ ብሎት ጎማውን ይራገጣል። ግድ የለም፣ እሱኑ አተኩሬ አየሁት። ካሜራዎቹ ቀረቡ። ሰው ትንፋሹን ያዘ።

«እሷን ጠይቁ» አልኩ።

ካሜራዎቹ ሁሉ ወደ ዶሪን ዞሩ። በዚያ ክረምት ፊቷ በሙሉ ሲታይ የመጀመሪያው ነው። ከጠረጴዛው ሥር ከጉድጓዱ የተቀዳ ውሃ በብርጭቆ አውጥታ ሚኒስትሩ ፊት አኖረችውና ጀመረች። ውሉን አነሳች፣ ፈንጂውን፣ ሕፃናቱን። ሚኒስትሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«በጣም የሚያሳስብ ነው። ግን አለቃ፣ የእርስዎ ጥበብ…»

«እሷን ጠይቁ።»

በሦስተኛው ልሳሳት ነበር። ሚኒስትሩ ስለ ትዕግሥት ሲያወራ አፌ ውስጥ ስለ ንስር የሆነ ነገር ሲሰበሰብ ተሰማኝ። አክስቴ ኤልቪራም ተሰምቷቸው መሆን አለበት፤ በጠረጴዛው ሥር ቅልጥሜን በቦት ጫማቸው አሉኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። በማግስቱ አንድ ጋዜጣ «አረጋዊው አለቃ አለቀሱ» ብሎ ጻፈ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ» አለች ዶሪን። «ውሃው ገለልተኛ በሆነ ሰው እስኪመረመር ድረስ ማፈንዳቱ ይቆማል ወይስ አይቆምም?»

ጠየቀችና ዝም አለች። እኔ ዝም ማለት ሙያዬ ነው፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ግን በሕይወቴ አላየሁም። ፈገግ አላለች፣ አልተቆጣች፣ ብርጭቆውን እንኳ አልነካችም። ሚኒስትሩ እኔን አየኝ፤ እኔ መስኮቱን አየሁ። አክስቴን አየ፤ እሳቸው እሱኑ አዩት። ብርጭቆውን አየ።

«ይቆማል» አለ።

የተባለው ወረቀት ላይ እስኪሰፍር ጠበቆቹ ብዙ ተጨቃጨቁ፤ ቢሆንም ማፈንዳቱ ቆመ። ምርመራው የጉድጓዶቹን መበከል አረጋገጠ። ኩባንያው በጋው ሲያልቅ መሣሪያውን ጭኖ ሄደ። አዲስ ጉድጓድ እስኪቆፈርልን ግን አሁንም የታሸገ ውሃ እየጠጣን ነው፤ የሚኒስትሩ ቢሮ «በሂደት ላይ ነው» ይላል።

በመከር አንድ የታወቀ የቴሌቪዥን የቀልድ ዝግጅት ዶሪንን በእንግድነት ጠራት። እኔን አልጠሩኝም። ቢሆንም ሾፌርና አሠልጣኝ ሆኜ አብሬያት ሄድኩ። በመንገድ ሁሉ ስመክራት ነበር፤ ቀልድ ሲነገር የት ቆም እንደሚባል፣ ሳቁ ሳያልቅ እንዳትናገር፣ እጇን የት እንደምታደርግ። «እሺ፣ እሺ» እያለች ብስኩት ትበላለች።

ከመድረክ ጀርባ ሆኜ አየኋት። ከመከርኳት አንዱንም አላደረገችም። ስለ እኔ ብቻ አወራች። ጃኬቱን፣ ባልዲውን፣ ቅልጥሜን፣ ሁሉንም አወጣችው። ተመልካቹ ወንበሩን እየደበደበ ሳቀ። ሳቁ ሳይበርድ «ውሃችንን የምታጠጧቸው ልጆች አሏችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሳቁ ተቆረጠ። ከዚያ አዘጋጁ ወረቀቱን አስቀምጦ ጠየቃት። ማን እንደፈቀደ፣ መቼ እንደሚስተካከል፣ ስንት መንደር እንዲህ እንዳለ። አንድ በአንድ መለሰችለት። ሰዓቱ ቢያልቅም አላቆሟትም።

ስንመለስ ገና ፀሐይ አልገባችም። ከተማውን እንደወጣን ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቀለች።

«በጣም አወራሁ እንዴ?» አለችኝ።

«የለም፣ ደህና ነው።»

«ከፋህ?»

«ትንሽ።»

«ጥሩ ነው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እንቅልፍ ወሰዳት።