መደብ አሥራ አራት

የመሥሪያ ቤታችን መዋቅር መግቢያው ላይ ተለጥፏል። አሥራ አራተኛው ሣጥን «የዋናው ማሽን አቅምና ፍጥነት ባለሙያ» ይላል፤ ከሥሩ ስም የለም። መዋቅሩ ከጸደቀ ጀምሮ ኖሮትም አያውቅም። ማሽኑ ግን አለ፤ ከዛሪማ እስከ ማክሰኝት ያለው የገበሬ የመሬት ይዞታ መዝገብ የተጫነበት፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ጥቁር ብረት።

ሥራውን ዓይናዲስ ደርባ ትሠራው ነበር። መደቧ መረጃ ለቃሚ ነው፤ ትምህርቷ ኮምፒውተር። በዚህች ምድር የምትፈልገው አንድ ነገር መደብ አሥራ አራትን ነበር። በየዓመቱ ታመለክታለች፤ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ወይዘሮ ይርገዱም በየዓመቱ ያንኑ ይመልሱላታል።

«መደቡ በማሽን አቅም ላይ የሦስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፣ የኔ እናት።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ እየሠራሁት እኮ ነው እትዬ!»

«ተደርቦ የተሠራ ልምድ አይባልም። እገዛ ነው።»

እኔ ሰጠኝ እባላለሁ፤ ጸሐፊ ነኝ። ለደብዳቤ ቁጥር የምሰጠውም፣ ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ስለሆንኩ የጻፈችውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጥር ላይ እንዲህ አለች፦ «ማሽኑ በዚህ አያያዝ ሰኔ አጋማሽ ላይ ይሞላል። ተጨማሪ ማስቀመጫ ይገዛ። የኃላፊው ሪፖርትም ጠዋት ሦስት ሰዓት መውጣቱ ይቅር፤ ገበሬው የሚሰለፈው ያኔ ነው።»

ኃላፊያችን አቶ ዳኛው አነበቡት። «ስብሰባዬ አራት ሰዓት ነው፤ ትኩስ ቁጥር ሳልይዝ ምን ብዬ ልገባ ነው?» አሉ። የማስቀመጫውን ነገር ደግሞ እንደ ደንቡ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መሩት፦ «ለመደብ 14፣ ታይቶ አስተያየት ይቅረብበት።»

በእኛ ቤት የተመራ ደብዳቤ የተመራበት መድረስ አለበት፤ ሰው ኖረም አልኖረም። ስለዚህ ለመደብ አሥራ አራት ዶሴ ከፈትኩለት። የካቲት ላይ የጻፈችውም፣ ሚያዝያ ላይ የጻፈችውም እዚያው ገባ። አንድ ቀን የዶሴውን ውፍረት አይታ ሳቀች።

«ጋሼ ሰጠኝ፣ ሰውዬው ሥራ በዝቶበታል።»

«አለመቀጠሩ በጀው» አልኳት።

ሰኔ አሥራ ሰባት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ማሽኑ ቆመ። የአቶ ዳኛው ሪፖርት ግማሽ ገጽ ወጥቶ ቀረ፤ በየመስኮቱ «ሲስተም የለም» ተባለ። ከተሰለፉት መሀል ከድብ ባሕር የመጡት አያ ላቀው ነበሩ። ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላቸው፤ የይዞታ ማረጋገጫ ካላቀረቡ መዝገባቸው ይዘጋል።

«ምነው ልጄ፣ መሬቴ እዚያው ነው ያለ። የት ሄደ ነው የምትሉኝ?»

«መሬቱማ አለ አያ። ሲስተሙ ነው የሌለው» አላቸው የመስኮቱ ሠራተኛ።

«እንግዲያው ጥሩልኝ፤ ሸጋ አድርጌ አስረዳዋለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ዓይናዲስ ማሽኑን ያጨናነቁትን ያለፉ ዓመታት ሪፖርቶች ሰርዛ ቦታ ልታስለቅቅ ተነሳች። አቶ ዳኛው «አንዷን እንዳትነኪ!» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ስታስረዳ፣ ስትለምን፣ ኋላም አንድ በአንድ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስታሻግር ዋለች። ማሽኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። አያ ላቀው ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በዝናብ ወጡ። መዝገቡ ተዘግቶ ጠበቃቸው።

የአያ ላቀው አቤቱታ ክልል ደረሰ። ክልሉም «ተጠያቂው በስምና በመደብ ተለይቶ ይገለጽ» ሲል ጻፈ። ኮሚቴ ተቀመጠ፤ አቶ ዳኛው፣ ወይዘሮ ይርገዱና ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ።

«በመዋቅሩ ኃላፊነቱ የማን ነው?» አሉ አቶ ዳኛው።

«የመደብ አሥራ አራት።»

«ባዶ ነዋ! የጠየቁን ስም ነው።»

ወይዘሮ ይርገዱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጅቷ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ ትል የለ? ልምዷን ይዘን መደቡን ብንሰጣትስ? ከጥር አንድ ጀምሮ።»

«እንዴት ይሆናል?» አልኩ።

«ሰጠኝ፣ መደብህ ምንድን ነው?» አሉኝ አቶ ዳኛው።

መደቤ ጸሐፊ ነው። ጻፍኩ።

ሁለት ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ስታነብ አፏን በእጇ ያዘች። ቀኑን እንኳ ልብ አላለችም፤ ስልኳን አንስታ «እማ! አገኘሁት፤ መደቡን ሰጡኝ!» አለች። ሁለተኛውን ከጀርባዬ ይዤ፣ እናቷ እልል ብለው እስኪጨርሱ ቆምኩ።

ከዚያ ሰጠኋት። ስንብት ነው። ምክንያቱም ተጽፏል፦ «በመደቡ ስም የደረሷትን ሦስት ማስጠንቀቂያዎች ሳትመልስ በዶሴ በማስቀመጧ።»

ደጋግማ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ማስጠንቀቂያዎቹን ማን ጻፋቸው ይላል?»

«አይልም።»

ጠረጴዛዋን ስታጸዳ ዋለች። ማታ ስትወጣ አንድ ገጽ ሰጠችኝ፦ «የተለቀቀው ቦታ ትንሽ ነው። መስከረም ላይ እንደገና ይሞላል።» ቁጥር ሰጥቼ አስገባሁት። አቶ ዳኛው በቀይ መሩት፤ ለመደብ 14።

የመጀመሪያው ዶሴ ሞልቶ ነበር። ሁለተኛ ከፈትኩ።