በረድ ነው ሐመዳ?

ነሐሴ ፳፬ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም. ነበር፤ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ያኔ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ። ጎንደር፥ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ከደባርቅ የመጣ አንድ የበግ ነጋዴ ቆመና፥ «ጃናሞራ በረዶ ወርዶ አገሩን አለበሰው» ብሏቸው አለፈ።

ባሏ የሞተባት የመሪጌታ እኅት ሐረገወይን እዚያው ጃናሞራ፥ ከመካነ ብርሃን በላይ ያላት አንድ የገብስ ማሳ ብቻ ነው። እሱ ከተመታ በሬዎቿን ሽጣ፥ ቤቷን ዘግታ ከመሰደድ በቀር መንገድ የላትም። በማግሥቱ ሊያመጧት ደባርቅ በሚሄድ የጭነት ማኪና ላይ ተሳፈሩ።

ከጎናቸው ክንዱ የሚባል የትምህርት ቤት መምህር ተቀምጦ ነበር። ጭንቀታቸውን ሰምቶ፥

«የትኛው በረዶ ነው የወረደው?» አላቸው።

«በረዶ ስንት ነውና?»

«አንዱ የዝናብ ጠብታ ነው። ኃይለኛ ነፋስ በደመናው ውስጥ ወደ ላይ ይወስደውና ይረጋል፤ ሲወርድ ሌላ ውኃ ይለብሳል፤ ነፋሱ ደግሞ ይመልሰዋል። እንዲህ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ሲከብድ ይወድቃል። ሰብል የሚቀጠቅጠው እሱ ነው። ሌላው ግን ጠብታ ሆኖ አያውቅም፤ እንፋሎቱ እዚያው ደመናው ውስጥ ረግቶ እንደ ላባ ይወርዳል።»

«ውርጭስ?»

«ውርጭ ከሰማይ አይወርድም። ሌሊቱ ጠርቶ መሬት ሲበርድ፥ የአየሩ እርጥበት ሣሩ ላይ ይረጋል።»

መሪጌታም፥ «በጸሎታችን የሚቀጠቅጠው በረድ፥ ላባው ሐመዳ ተብሎ ለየብቻው ይጠራል። አገሬው ግን ሁለቱንም በረዶ ይላቸዋል» አሉ።

«እንግዲያው ጮኾ እንደሆነ ይጠይቁ። ጠጠሩ አገር ያንጫጫል፤ ላባው ኮሽ አይልም።»

ደባርቅ ሲደርሱ የሐረገወይን ጎረቤት አለነ አህያውን እየነዳ ከገበያ ሲወጣ አዩት። መሪጌታ ከማኪናው ሳይወርዱ ተጣሩ።

«አያ አለነ! በረዶው ሲወርድ ጮኾ ነበር?»

«ምነው መሪጌታ፥ ሰላምታም የለ? በረዶም እንደ እናንተ ቅኔ ይዘርፋል?»

«በእመቤቴ፥ ንገረኝ!»

«ኧረ ኮሽም አላለ። ተኝተን አድረን በር ስንከፍት፥ አገሩ ጥጥ የፈሰሰበት መስሏል።»

«ገብሱስ?»

«ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ረፋድ ላይ ሲሟሟለት ቀና አለ። ሰማዩም ደመና ለብሶ ስላደረ ውርጭ አልነካውም፤ ሸጋ ነው። ሐረገወይንማ በረዶውን በእንስራ አጭቃ፥ ‹ዛሬስ ወንዝ መውረድ ቀረልኝ› ስትል ነው የተውኋት።»

መሪጌታ ወረዱና የማኪናውን ጎማ ተደግፈው ተቀመጡ። ክንዱ ቦርሳቸውን አቀበላቸው። ተነሥተው ከገበያው አንድ አሞሌ ጨው ገዙና፥ ሊያመጧት የተነሡላትን እኅታቸውን እንደ እንግዳ ሊጠይቁ ከአለነ ጋር ሽቅብ ወጡ።

ቀኑን ወይም የተባለውን ቃል አዛብቼ ከሆነ፥ የሚያውቅ አንባቢ ያቅናልኝ።