የካሬ ዋጋ

"መቶ ሰማንያ ነው፣ እናቴ" አለች ሻጯ ሐፍሳ፣ የወንፊት ሽቦውን እያሳየች።

"በይ ሃያ ሜትር ቁረጪልኝ።"

አስካለች ከመቀነቷ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ብር ፈትታ ሰጠቻት። ከሸኮ የመጣችው ትናንት ሁለት ፍየሎች ሸጣ ነው። ሐፍሳ ገንዘቡን ለባለሱቁ ለከፈለኝ አቀበለችና ወንፊት ሽቦውን መሬት ላይ ዘርግታ፣ ለክታ ቆረጠች።

"የማድረቂያ አልጋው እንጨት ተተክሎ አልቋል፤ ልክ ሃያ ሜትር" አለች አስካለች። "ገዢው መሬት የነካ ቡና አልቀበልም ብሎናል። የለቀምነው እሸት ጆንያ ውስጥ መሞቅ ጀምሯል።"

ከፈለኝ ገንዘቡን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ሲያበቃ "አንድ ሺህ ስምንት መቶ ይቀራል" አላት።

"የምን?"

"መቶ ሰማንያው የካሬ ነው። የሽቦው ወርድ ሜትር ተኩል ስለሆነ፣ ሜትሩ ሁለት መቶ ሰባ ይመጣል።"

"ካሬ? ሽቦ እንጂ ቦታ መች ልገዛ መጣሁ?"

"ተጽፏል እኮ።"

በር ላይ የተሰቀለው ካርቶን "180" ይላል፣ በትልቅ ቀይ ቀለም። ጥግ ላይ በእስክሪብቶ "በካሬ" ተብሎ ተጽፏል። የጻፈችው ሐፍሳ ናት። ጎረቤት ሱቅ ያው ሽቦ ሜትሩ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው።

"እንግዲያው ብሬን መልስልኝ፣ ወንድሜ። ጎረቤት ልጠይቅ።"

"ካስቆረጥሽ በኋላ? አልመልስም። በብርሽ ልክ ውሰጂ።"

አስካለች ወደ ሐፍሳ ዞረች። ሐፍሳ በስታቲስቲክስ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋለች፤ እዚህ ተቀጥራ የመጋዘኑን ቁልፍ ከያዘች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው። ሜትሩን አንስታ አሥራ ሦስት ሜትር ለክታ ቆረጠች። ከፈለኝ ዘጠና ብር መለሰ።

ጥቅሉን ባጃጅ ላይ ሲያስሩ አስካለች ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

"ታውቂ ነበር?"

ሐፍሳ ገመዱን አጠበቀች።

"የቀረውን እሸት እንግዲህ መሬት ላይ አሰጣዋለሁ" አለች አስካለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። "ማንም አይገዛውም።"

ባጃጁ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ሐፍሳ ወደ ሱቁ ስትመለስ አንድ ሰውዬ ካርቶኑን እያየ ቆሟል።

"ሽቦው መቶ ሰማንያ ነው?"

ከፈለኝ ቀና ብሎ አያት።

"በሜትር ሁለት መቶ ሰባ ነው" አለች።

ሰውዬው ወደ ጎረቤት ሱቅ አለፈ። ከፈለኝ እጁን ዘረጋ። ሐፍሳ የመጋዘኑን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው።